ሪህ፤ ምንነቱ፣ መለያውና መድኃኒቱ

(በጂንካ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ አንድ በሽታ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ከመካከላችሁ ብዙዎቹ ስለ ወባ ወይም ስለ ሳንባ ነቀርሳ እናገራለሁ ብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። በደቡብ ኦሞ ለሚኖር ሰው ይህ ተገቢ ግምት ነው። እኔ ግን ዛሬ ላነጋግራችሁ የመረጥሁት ስለ ሪህ ነው። ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሪህ ስሙን ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ጠባዩን ግን ብዙ ሰው የሚስተው በሽታ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሥር ሰደው ከሚቈዩት የመጋጠሚያ በሽታዎች መካከል ምክንያቱ ጥርት ብሎ የታወቀውና ብዙ ወጪ በማይጠይቅ መድኃኒት ሊገታ የሚችለው ይኸው ሪህ መሆኑ ነው። በዓለም ላይ በ2020 ወደ 56 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ሪህ እንደ ነበረባቸው ሊቃውንት ገምተዋል። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የምናገረው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ከተገኘ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚጐድለን በሽታውን በትክክል ለይቶ መጥራትና በመድኃኒቱ መጽናት ነው።

ስለ ስሙ

በአማርኛችን «ሪህ» የሚለው ቃል የማይሸከመው ሕመም የለም። ጉልበታቸውን የሚቈረጥማቸው ሽማግሌ «ሪህ አለብኝ» ይላሉ፤ ወገቡን የሚያመው አናጢም «ሪህ ነው» ይላል፤ በብርድ ጊዜ ጣቶቿ የሚነዘንዟት እናትም እንደዚሁ ትላለች። ሐኪም ግን «ሪህ» ሲል አንድ በሽታ ብቻ ማለቱ ነው፤ ይኸውም በእንግሊዝ አፍ «ጋውት» የሚባለው ነው። የሽማግሌው ጉልበት ምናልባት በዕድሜ ብዛት የመጋጠሚያው ልባስ ያለቀበት ይሆናል። የአናጢው ወገብ የሥራ ድካም ሊሆን ይችላል። የእናቲቱም ጣቶች ሰውነት ራሱን በራሱ የሚያጠቃበት ሌላ የመጋጠሚያ በሽታ ይኖርባቸው ይሆናል። ለእነዚህ ለሁሉም ሕክምናቸው የተለያየ ነው።

በአገራችን በደቡብ ኦሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል። ከአሪ፣ ከሐመር፣ ከዳሰነች፣ ከኛንጋቶም ወይም ከሙርሲ የመጣ ሕመምተኛ ሕመሙን የሚናገረው በገዛ ቋንቋው ነው። አስተርጓሚው ሁሉንም «ሪህ» ብሎ ካሳለፈው፣ ሐኪሙ ገና ሕመምተኛውን ሳይዳስሰው ፍርዱ ተሰጥቶ አደረ ማለት ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ የምትሆኑ ተማሪዎች የበሽታውን ስም ትታችሁ የሕመሙን አኳኋን ተርጕሙ፤ የቱ መጋጠሚያ እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ጀመረ፣ ሌሊት ነው ወይስ ቀን፣ ከዚህ በፊት መጥቶ ሄዶ ያውቅ እንደ ሆነ።

ስለ ምክንያቱ

ሰውነታችን የተሠራባቸው ሕዋሳት ሲያረጁ፣ የምንበላውም ምግብ ሲፈጭ፣ ፒዩሪን የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣል። ይህም በመጨረሻ ዩሪክ አሲድ ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ከዚህ ውስጥ ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል፤ የቀረውን አንጀት ያስወግደዋል። ላምና ፍየል ዩሪኬዝ የሚባል ኢንዛይም ስላላቸው ዩሪክ አሲዱን ይበልጥ በቀላሉ ወደሚሟሟ ነገር ይለውጡታል፤ የሐመር በሬ እንደ ሰው ሪህ የማይዘው ስለዚህ ነው። ሰው፣ ቺምፓንዚና ጎሪላ ግን ይህን ኢንዛይም ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በነበሩት የጋራ ቅድመ አያቶቻቸው ዘመን አጥተውታል። እዚሁ በታችኛው ኦሞ፣ በኪቢሽ፣ የሪቻርድ ሊኪ ቡድን በ1967 ያገኘው የጥንት ሰው አፅም፣ በ2022 በወጣው ጥናት መሠረት ዕድሜው ከ230,000 ዓመት የማያንስ ሆኖ ተገምቷል። ያ ሰው እንኳ በተፈጥሮው እንደ እኛው ዩሪኬዝ የሌለው ነበር። እንግዲህ «ሪህ የጌቶች በሽታ ነው» የሚለው የቈየ አባባል ሙሉ እውነት አይደለም፤ ከድሎት በፊት የሰውነታችን ሥሪት አለና።

በደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በዴሲ ሊትር ከ6.8 ሚሊ ግራም ሲበልጥ መሟሟቱ ያቅተዋል። ጨው በውሃ ውስጥ ሲበዛ ከሥር እንደሚዘቅጥ ሁሉ፣ እርሱም በመጋጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ ደቃቅ ክሪስታሎች ሆኖ ይቀመጣል። ብርድ ይህን ስለሚያፋጥነው፣ ከሰውነት ሁሉ ቀዝቀዝ ያለው የእግር አውራ ጣት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ይጠቃል። የደም ነጭ ሕዋሳት ክሪስታሎቹን እንደ ጠላት ቈጥረው ሲውጧቸው ከባድ ቍጣ ይነሣል። ይህ ቍጣ እንዴት እንደሚቀሰቀስ የታወቀው በቅርቡ ነው። በ2006 በስዊዘርላንድ የሚሠሩ ሊቃውንት፣ በሕዋሱ ውስጥ ያለውንና እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል የሚያገለግለውን፣ ኢንፍላማሶም የሚባለውን ክፍል ክሪስታሉ እንደሚደውለው አሳዩ። ደወሉ ሲደወል ኢንተርሉኪን አንድ የሚባለው መልእክተኛ ይወጣል፤ እብጠቱ፣ ሙቀቱና ሌሊት አንሶላ እንኳ ቢነካው የሚያስጮኸው ሥቃይ ከዚህ የተነሣ ነው።

ዩሪክ አሲድ ለምን በአንዱ ሰው ይበዛል፣ በሌላው አይበዛም? በ2002 የጃፓን ተመራማሪዎች፣ ኩላሊት ዩሪክ አሲድን ወደ ደም የሚመልስበትን በር ለይተው አገኙ። ከዚያም ወዲህ ሌሎች እንዲህ ያሉ በሮች ታውቀዋል። አብዛኛው ሕመምተኛ ዩሪክ አሲድ የሚበዛበት ብዙ ስለሚሠራ ሳይሆን በቂ ስለማያስወጣ ነው። በ2018 በታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ በሰዎች መካከል ላለው የዩሪክ አሲድ ልዩነት እያንዳንዱ ምግብ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ድርሻ ሲኖረው፣ በውርስ የሚመጣው ግን ከመቶ ወደ 24 እጅ ሆኖ ተገኝቷል። ስለ ሆነም ሕመምተኛውን «በሆድህ ያመጣኸው ነው» እያሉ ማሳፈር ከዕውቀት የራቀ ነው።

ስለ መለያው

በ1848 በለንደን ጋሮድ የተባለው ሐኪም በሪህ በሽተኞች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዝቶ መገኘቱን አሳየ። በ1961 ደግሞ በፊላዴልፊያ ማካርቲና ሆላንደር ከታመመው መጋጠሚያ በመርፌ የወጣውን ፈሳሽ በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ አይተው ክሪስታሉን ለዩ። እስከ ዛሬ ድረስ ቍርጠኛው ማስረጃ ይህ ነው። በቅርብ ዓመታት በአልትራሳውንድና ሁለት ዓይነት የራጅ ኀይል በሚጠቀም ሲቲ መሣሪያ ክሪስታሉን ሳይወጉ ማየት ተችሏል። ይሁን እንጂ እነዚህ ውድ መሣሪያዎች ስለሌሉ ብቻ ምርመራ አይቻልም ማለት አይገባም። ተራ ማይክሮስኮፕ ላይ ሁለት የፖላራይዝድ ማጣሪያ ቢጨመርበት ክሪስታሉ ሊታይ ይችላል፤ ያው ፈሳሽም በዚያው ጊዜ መግልና ተሐዋሲ እንዳለበት ይመረመራል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሣ። የደም ዩሪክ አሲድ ከፍ ብሎ መገኘት ብቻውን ሪህ አይደለም። ከፍ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሪህ ሳያውቃቸው ይኖራሉ። በሌላ በኩል ሕመሙ በተነሣበት ሰሞን ቍጥሩ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ሕመሙ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ያሻል። ከላቦራቶሪ የመጣ አንድ ቍጥር ብቻ ይዞ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ማዘዝም፣ «የለብህም» ብሎ ማሰናበትም ሁለቱም ስሕተት ነው።

መርፌና ማይክሮስኮፕ ለሌለበት ጤና ጣቢያ በ2010 የሆላንድ ሐኪሞች አንድ ጠቃሚ የነጥብ አቈጣጠር አውጥተዋል። ይኸውም አንድ መጋጠሚያ አብጦ ለመጣ ሕመምተኛ ነው፤

1. ወንድ ከሆነ፣ 2 ነጥብ፤
2. ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሕመም ተነሥቶበት ካወቀ፣ 2 ነጥብ፤
3. ሕመሙ በአንድ ቀን ውስጥ ከተባባሰ፣ ግማሽ ነጥብ፤
4. መጋጠሚያው ከቀላ፣ 1 ነጥብ፤
5. የታመመው የእግር አውራ ጣት ሥር ከሆነ፣ 2 ነጥብ ተኩል፤
6. የደም ግፊት ወይም የልብና የደም ሥር በሽታ ካለበት፣ 1 ነጥብ ተኩል፤
7. የደም ዩሪክ አሲድ ከ5.88 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ፣ 3 ነጥብ ተኩል።

ድምሩ 4 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሪህ አይመስልም፤ 8ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሪህ ሳይሆን አይቀርም፤ በመካከል ያለው ፈሳሹ ወጥቶ እንዲመረመር ይላካል። አቈጣጠሩ የተሠራው በሆላንድ ሰዎች ላይ መሆኑን አንርሳ። ለምሳሌ በጥቍር ገላ ላይ ቅላት በቀላሉ አይታይም፤ ስለዚህ በእጅ ዳስሶ ሙቀቱን ከሌላኛው እግር ጋር ማስተያየት ይገባል።

ሪህ የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች

ይህ ክፍል ለእኛ አገር ከሁሉ የሚበልጠው ነው። አንድ መጋጠሚያ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሕመምተኛውም ትኵሳት ኖሮት ሲገኝ፣ በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ተሐዋሲ ገብቶ መግል መቋጠሩ ነው። ይህ በቀናት ውስጥ መጋጠሚያውን ያበላሻል፤ ደምንም መርዞ ሊገድል ይችላል። «ሪህ ነው» ተብሎ የቈየ መግል ያዘለ ጉልበት ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ነው። ዋግምት የተደረገበት ወይም ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌ የተወጋ መጋጠሚያ ሲሆን ጥርጣሬው ይብሳል። ሪህና መግልም አብረው ሊገኙ ይችላሉና፣ ክሪስታል ታየ ተብሎ የተሐዋሲው ምርመራ አይቀርም።

ሁለተኛው ብሩሴሎሲስ ነው። ከከብት፣ ከፍየልና ከበግ ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲሆን፣ ያልፈላ ወተት በመጠጣትና የጨነገፈ እንስሳ በባዶ እጅ በመንካት ይመጣል። ወጣ ገባ የሚል ትኵሳት፣ ላብ፣ የወገብና የጉልበት ሕመም ያመጣል። በአርብቶ አደር መንደር የሚኖር ሰው «ሪህ» ብሎ ሲመጣ ስለ ከብቶቹ ጤና መጠየቅ የሐኪሙ ሥራ ነው። ከወር በላይ የቈየና የማይለቅ እብጠት ሲሆን ደግሞ የመጋጠሚያ ነቀርሳ መኖሩ ሊታሰብ ይገባል።

ሦስተኛው ከነቀርሳ መድኃኒት ጋር የተያያዘ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሚሰጡት አራት መድኃኒቶች አንዱ ፒራዚናማይድ ነው። ይህ መድኃኒት ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዳያስወጣ ስለሚከለክለው የደሙ ቍጥር ከፍ ይላል፤ መጋጠሚያም ሊያም ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ሪህ አይደለም፤ በማስታገሻ ያልፋል። የሚያሰጋው ሕመምተኛው «መድኃኒቱ ሪህ አመጣብኝ» ብሎ የነቀርሳውን ሕክምና በገዛ እጁ ሲያቋርጥ ነው፤ ያን ጊዜ ነቀርሳው መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ ሊመለስ ይችላልና። መድኃኒቱን የሚሰጠው ነርስ ይህን አስቀድሞ ቢነግረው ብዙ ጥፋት ይድናል።

ስለ ሕክምናው

የሪህ ሕክምና ሁለት ሥራ ነው። አንዱ የተነሣውን ሕመም ማብረድ፣ ሁለተኛው ክሪስታሉን ማሟሟት ነው። አንዱን ብቻ ሠርቶ ሌላውን መተው፣ እሳቱን አጥፍቶ ፍሙን በጭድ ውስጥ እንደ መተው ነው።

ለማብረድ ሦስት ዓይነት መድኃኒት አለ። ኮልቺሲን ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ የዕፀዋት መድኃኒት ነው፤ ቀድሞ ሕመምተኛውን እስኪያስቀምጠው ድረስ ይሰጥ ነበር። በ2010 የታተመ ጥናት ግን 1.2 ሚሊ ግራም፣ ከአንድ ሰዓትም በኋላ 0.6 ሚሊ ግራም ብቻ መስጠት እንደ ብዙው መጠን እንደሚሠራና ተቅማጡም በጣም እንደሚቀንስ አሳየ። ሁለተኛው እንደ ኢንዶሜታሲንና ዲክሎፌናክ ያሉት ማስታገሻዎች ናቸው። ይሠራሉ፤ ነገር ግን ጨጓራን ያቈስላሉ፣ ኩላሊትንም ይጐዳሉ፤ በተለይ በቈላው ሙቀት ውሃ ላጠረው ሰው ያሰጋሉ። «የሪህ መርፌ» እየተባለ በየሳምንቱ መወጋት ሕመሙን ይደብቃል እንጂ በሽታውን አይነካውም። ሦስተኛው ፕሬድኒሶሎን ነው። በ2008 በታተመ ጥናት በቀን 35 ሚሊ ግራም ለአምስት ቀን ሲሰጥ ከማስታገሻው ጋር እኩል ሠርቷል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰውም ይሻላል። ነገር ግን መግል ወይም ነቀርሳ በተጠረጠረበት ሊሰጥ አይገባም፤ ስኳር ላለበትም ጥንቃቄ ያሻል።

ክሪስታሉን ለማሟሟት ዋናው መድኃኒት አሎፑሪኖል ነው። በአሜሪካ ገርትሩድ ኤልየንና ጆርጅ ሂቺንግስ ያወጡት ሲሆን፣ ለሪህ የተፈቀደው በ1966 ነው፤ ሁለቱም በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት መካከል ናቸው። ዩሪክ አሲድ የሚሠራውን ኢንዛይም ይገታል። ዓላማው የደሙን ዩሪክ አሲድ ከ6 ሚሊ ግራም በታች አድርጎ ማኖር ነው፤ ያን ጊዜ የተቀመጠው ክሪስታል ቀስ በቀስ እየሟሟ ያልቃል። በ2020 የወጣው የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ መመሪያ በቀን ከ100 ሚሊ ግራም በማይበልጥ፣ ኩላሊቱ ለደከመም ከዚያ ባነሰ መጀመርን፣ ከዚያም ደሙን እየመረመሩ ደረጃ በደረጃ ከፍ ማድረግን ያዛል። ብዙ ሰው ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ብዙው ሕመምተኛ የሚሰናከልበት ነገር አለ። ክሪስታሉ መሟሟት ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊበረታ ይችላል። ሕመምተኛውም «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ይጥለዋል። ይህ መድኃኒቱ የመሥራቱ ምልክት መሆኑ አስቀድሞ ሊነገረው፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወርም ትንሽ ኮልቺሲን አብሮ ሊሰጠው ይገባል። አንድ ነገር ግን ለይቶ ይወቅ፤ በገላው ላይ ሽፍታ ከወጣበት ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ብርቅ ቢሆንም ለሕይወት የሚያሰጋ የመድኃኒቱ ጠላትነት አለና።

ሌሎችም አሉ። ፌቡክሶስታት በአሜሪካ በ2009 ተፈቅዷል፤ ለልብ ያሰጋ እንደ ሆነ በ2018ና በ2020 የወጡት ጥናቶች እርስ በርስ አልተስማሙም። ፔግሎቲኬዝ ደግሞ ያጣነውን ዩሪኬዝ በደም ሥር የሚመልስ ነው፤ ዋጋው ግን እጅግ የከበደ ነው።

ስለ ምግብና ስለ መጠጥ

«ሪህ ያለበት ሽሮና ምስር አይብላ» ሲባል እንሰማለን። በ2004 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ሥጋና የባሕር ምግብ አዘውትሮ መብላት ሪህን እንደሚያበዛ፣ ፒዩሪን ያለባቸው አትክልትና ጥራጥሬ ግን እንደማያበዙት፣ ወተትም እንደሚቀንሰው አሳይቷል። እንግዲህ ድኻውን ከሽሮው መለየት ያለ ምክንያት ማስራብ ነው። ለአርብቶ አደሩም ወተቱ ወዳጁ ነው፤ ብሩሴሎሲስን በመፍራት ግን አፍልቶ ይጠጣ። ቢራ ሪህን ከሚያበዙት መጠጦች ግንባር ቀደሙ ነው፤ አረቄም ይከተለዋል፤ እርሾው ያልተጣራ እንደ ቦርዴ ያለ የእህል መጠጥም በመጠን ይሁን። በስኳር የጣፈጠ ለስላሳ መጠጥም ዩሪክ አሲድን ያበዛል። ውሃ መጠጣት ይጠቅማል። ሆኖም በምግብ ጥንቃቄ ብቻ የሚቀንሰው ቍጥር ትንሽ ስለ ሆነ፣ ሕመሙ ለሚመላለስበት ሰው መድኃኒቱን አይተካም። የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ዩሪክ አሲድን ስለሚያበዛ፣ በሌላ ሊለወጥ የሚችል እንደ ሆነ ሐኪሙ ይጠየቅ።

ይህን ማን ይሥራው?

«እንዲህ ያለው ሥራ የመጋጠሚያ ሊቅ ይፈልጋል፤ እርሱም በአዲስ አበባ እንጂ በጂንካ የለም» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆን ጥናት በ2018 ከእንግሊዝ አገር ከኖቲንግሃም ታትሟል። 517 የሪህ ሕመምተኞች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደ ተለመደው በሐኪም ታከመ። ሁለተኛውን ወገን የሠለጠኑ ነርሶች ያዙት፤ ስለ በሽታው አስረዱት፣ ፍርሃቱን ጠየቁት፣ መድኃኒቱን ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረጉለት። ከሁለት ዓመት በኋላ ከነርሶቹ ወገን ከመቶ 95ቱ ዩሪክ አሲዳቸው ከተፈለገው በታች ወርዶ ተገኘ፤ ከሌላው ወገን ግን ከመቶ 30ው ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ ለሁለቱም ወገን የታወቀና በእጅ ያለ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ማስረዳትና መከታተል ነው።

ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። በአገራችን የሕክምናው ሸክም ያለው በነርሶች፣ በጤና መኰንኖችና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ትከሻ ላይ ነው። ቋንቋውን የሚያውቁ፣ መንደሩን የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ነገ ከነርሱ ጋር ትቈጠራላችሁ፤ ሌሎቻችሁ መምህራን፣ የእርሻና የእንስሳት ባለሙያዎች ትሆናላችሁ። በዲመካ ወይም በኦሞራቴ አንድ ሰው «ሪህ ያዘኝ» ሲላችሁ፣ ትኵሳት እንዳለበት ጠይቁ፤ ካለበት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ። የነቀርሳ መድኃኒት እንደሚወስድ ጠይቁ፤ እንዳያቋርጥ ምከሩት። ሕመሙ በሌሊት በእግሩ አውራ ጣት ላይ ተነሥቶ በሳምንት የሚለቀውና የሚመላለስበት ከሆነ ግን፣ ይህ ሊድን የሚገባው እውነተኛ ሪህ ሳይሆን አይቀርምና መርፌውን ትቶ ሕክምናውን እንዲጀምር፣ ከጀመረም እንዲጸና አበርቱት።